ጣትና ድምፅ፦ በዲጂታል ፒያኖ ራስን መቅረጽ

ፒያኖ የሚጫወት ሰው እየተጫወተ ሳለ ራሱን በቅጡ አይሰማም። ጣቱ አንድ ሐረግ ላይ ሆኖ ሐሳቡ ወደሚቀጥለው አልፏል፤ ጆሮውም ያሰበውን ዜማ ይሰማና የወጣውን ይስታል። የዘገየው ግራ እጅ፣ የተቻኮለው መመለሻ የሚታወቀው ከወንበር ከተነሱ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ድምፁ የለም። በዲጂታል ፒያኖ ላይ ያለችው የመቅረጫ ቁልፍ ከመቶ ዓይነት ድምፆቹና ከአጃቢ ከበሮዎቹ ሁሉ የምትበልጠው ለዚህ ነው። ቆቦ ላይ ወይም ሌላ የራያ ከተማ ውስጥ በጆሮው ብቻ ኪቦርድ የሚለማመድ ወጣት፣ መምህር አጠገቡ ባይኖር እንኳ፣ ትናንት የተጫወተውን ዛሬ እንደ ባዕድ ሰው ተቀምጦ ሊያደምጠው ይችላል።

መሣሪያው የሚቀርጸው በሁለት መንገድ ነው፤ ልዩነታቸውን የማያውቅ ሰው ብዙ ይደክማል። የመጀመሪያው ሚዲ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1983 የጃፓንና የአሜሪካ አምራቾች የሙዚቃ መሣሪያዎቻቸው እንዲግባቡ የተስማሙበት ቋንቋ ነው። ሚዲ ድምፅ አይዝም፤ የሚይዘው የጣትን ሥራ ነው። ከእያንዳንዱ የፒያኖ ቁልፍ ሥር ቢያንስ ሁለት መዳሰሻዎች አሉ። ቁልፉ ሲወርድ አንደኛውን ከነካ በኋላ ሁለተኛውን እስኪነካ ያለው ቅጽበት ይለካል፤ ቅጽበቱ ባጠረ መጠን ምቱ ብርቱ ነበር ማለት ነው፤ ብርታቱም ከ1 እስከ 127 ባለ ቁጥር ይመዘገባል። የትኛው ቁልፍ፣ መቼ፣ በምን ያህል ኃይል ተመታ፣ መቼ ተለቀቀ፣ ፔዳሉስ መቼ ተረገጠ፤ በመሠረቱ ይኸው ነው። ሁለተኛው መንገድ ድምፁን ራሱን መቅረጽ ነው። በሲዲ ጥራት አንድ ደቂቃ 10 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ የዚያው ደቂቃ ሚዲ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ኪሎባይት ቢሆን ነው። ጥፋቱን ለሚፈልግ ተማሪ የሚሻለው ሚዲው ነው። የዜማው ከፍታ ሳይለወጥ ፍጥነቱን በግማሽ መቀነስ ይቻላል፤ ሁለቱ እጆች ለየብቻ ከተቀረጹም ቀኙን ዝም አሰኝቶ ግራውን ብቻ መስማት ይቻላል።

ስልክ ኪሳችን ውስጥ እያለ ይህ ሁሉ ለምን ይባል ይሆናል። ቆቦ ከወልድያ ወደ አላማጣና ወደ መቀሌ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና የሚያልፍባት ከተማ ናት፤ ፒያኖው ላይ የተቀመጠ ስልክ ከሙዚቃው ጋር የጭነት መኪናውን ጡሩምባ ይቀርጻል። ከዚህ የባሰ ግን ሌላ ነገር አለ፤ ብዙ ስልኮች ዝቅ ያለውን ድምፅ በራሳቸው ከፍ፣ ከፍ ያለውን ዝቅ ያደርጋሉ። ተማሪው በለሆሳስ የነካውና በኃይል የመታው ተቀራርቦ ሲመለስለት፣ ሊያርመው የሚገባው የእጅ ክብደት ተሰወረበት ማለት ነው። መሣሪያው በውስጡ ሲቀርጽ ግን ጎዳናውን አይሰማም፣ ክብደቱንም አያስተካክልም። መብራት ሲጠፋ ያልተቀመጠ ቀረጻ አብሮ ሊጠፋ ስለሚችል፣ እያንዳንዱን ሙከራ ወዲያው ማስቀመጥ ወይም ወደ ፍላሽ መገልበጥ ይገባል።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ የቅኝት ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ከሚባሉት አራት ቅኝቶች ሁለቱ ስማቸው የወሎ ምድር ስም ነው፤ ፒያኖ ደግሞ ኦክታቩን እኩል 12 ቦታ ይከፍላል። መሲንቆ ላይ ጣት ወደሚሻው ቦታ ተንሸራቶ የሚያገኘውን ድምፅ የፒያኖ ቁልፍ ሁልጊዜ አይሰጥም። ተቃውሞው እውነት አለው። ብዙ ኪቦርዶች ታዲያ እያንዳንዱን ድምፅ በጥቂቱ ዝቅና ከፍ ለማድረግ ይፈቅዳሉ። ጥንቃቄው እዚህ ላይ ነው፤ ያ ማስተካከያ አዘውትሮ መሣሪያው ውስጥ ይቀራል እንጂ ከሚዲው ፋይል ጋር አይሄድም። ሌላ ፒያኖ ላይ ሲከፈት ቅኝቱ ወደ እኩል ክፍፍሉ ይመለሳል። ስለዚህ በጆሮ የተቃኘ አምባሰል በድምፅም መቀረጽ አለበት። የምቱ ነገር ደግሞ የበለጠ ያሳስበኛል። በሚዲ የተቀረጸውን እያንዳንዱን ምት ወደ ሜትሮኖሙ መስመር የሚጎትት ማስተካከያ አለ። ችክችካ ሕይወቱ ከመስመሩ ትንሽ ቀደም ወይም ትንሽ ዘግየት ማለቱ ላይ ነው፤ ያ ማስተካከያ ሲነካው የጭብጨባው ወዝ ይደርቃል። ጥፋትን በጣት ደግሞ መጫወት እንጂ በማሽን ማቃናት ትምህርት አይሆንም።

ብቻውን ተቀምጦ ራሱን የሚቀርጽ ሰው ሥራው ለሌላ ይተርፋል ወይ ለሚል መልሱ በቅርብ አለ። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖውን፣ ሲንተሳይዘሩንና የከበሮ ማሽኑን ብቻቸውን እየደራረቡ ካሴት ሠሩ፤ ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለምን አዳርሷል። እማሆይ ፅጌማርያም ገብሩ ደግሞ በወጣትነታቸው በአምባሰል ምድር፣ ግሸን ማርያም፣ 10 ዓመት ገደማ የኖሩ መነኩሴ ናቸው። በደርግ ዘመን አዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት ፒያኖ እየተጫወቱ፣ በራሳቸውም ድምፅ እየዘመሩ በቴፕ የቀረጿቸው መዝሙሮች ለሕዝብ የወጡት እ.ኤ.አ. በ2024 ነው፤ እሳቸው ካረፉ አንድ ዓመት ሊሞላ ሲል። በእነዚያ ቀረጻዎች ላይ ከመስኮቱ ውጭ ያሉ ወፎች ይሰማሉ፣ ወንበሩ ሲንቋቋ ይሰማል፣ ጣታቸው የመቅረጫውን ቁልፍ ሲጫን እንኳ ይሰማል።

ሚዲ ከእነዚህ አንዱንም አይዝም ነበር፤ የዘመሩበትን ድምፅ ጭምር። የእጅ ክብደትን ለሚያርም ተማሪ የወፉ ጩኸት እንቅፋት ነው፤ ለልጅ ልጅ ለሚቀመጥ ቀረጻ ግን ከዜማው የማይለይ አካል ነው። ስለዚህ ልምምዱ በፒያኖው ውስጥ ይቀረጽ፤ ዜማው ጣት ውስጥ ከገባ በኋላ ደግሞ ያው የተናቀው ስልክ ክፍሉ መካከል ይቀመጥ፣ መስኮቱም አይዘጋ፤ የቆቦ ጎዳና ቢገባበትም ይግባ። በፋይሉ ስም ላይ ቀኑንና ቅኝቱን መጻፍ አይረሳ።