የኮምፒዩተር ዲስኮች ተራና ስም

«ስም ይወጣል ከቤት፥ ይከተላል ጎረቤት» ይባላል። በኮምፒዩተር ውስጥ ላሉት ዲስኮች ግን የምንጠራቸው ስም ብዙውን ጊዜ ከቤት ይዘውት የመጡት አይደለም፤ ኮምፒዩተሩ በተነሣ ቁጥር ማን ቀድሞ «አቤት» እንዳለ እየታየ የሚሰጥ ነው። ይህን አለማወቅ ብዙ ስለሚያስከፍል፥ ነገሩን በአጭሩ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ከመካከላችን በአንድ ኮምፒዩተር ሁለት ዲስክ የሚያስገባ፥ ከዊንዶውስ ጎን ሊኑክስን የሚጭን ተማሪ ጥቂት አይደለም። በዚህ ጊዜ መጫኛው ፕሮግራም የትኛው ዲስክ እንዲጠረግ ይጠይቃል። ተማሪውም «ትናንት አዲሱ ዲስክ ሁለተኛው ነበረ፤ ዛሬም ያው ነው» ብሎ ቢመልስ፥ የአራት ዓመት ማስታወሻና የመመረቂያ ጽሑፍ በአንድ ቅጽበት ሊጠፋ ይችላል። የጥፋቱ ምንጭ ተራን ከማንነት ጋር ማምታታት ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከት። በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው የአይቢኤም ፒሲ የሚሠራው በፍሎፒ ዲስክ ስለ ነበረ፥ «ኤ» እና «ቢ» የሚባሉት ፊደላት ለሁለት ፍሎፒዎች ተያዙ። በ1983 እ.ኤ.አ. ኤክስቲ የተባለው ሞዴል 10 ሜጋባይት ሃርድ ዲስክ ይዞ ሲመጣ፥ ተከታዩ ፊደል «ሲ» ደረሰው። ፍሎፒ ከቀረ ብዙ ጊዜ ቢሆነውም፥ ዊንዶውስ ዛሬም የተጫነበትን ክፍል አብዛኛውን ጊዜ «ሲ» የሚለው ከዚህ የተነሣ ነው።

ዶስ ፊደል የሚያድለው በተራ ነበር፤ ይኸውም አስቀድሞ ለእያንዳንዱ ዲስክ ዋና ክፍል፥ ከዚያ በኋላ ለንኡሳን ክፍሎች ነው። ስለዚህ ዋና ክፍል ያለው ሁለተኛ ዲስክ ሲጨመር፥ «ዲ» የነበረው ንኡስ ክፍል «ኢ» ይሆንና ፕሮግራሞች ፋይላቸውን ያጡ ነበር። የዛሬው ዊንዶውስ የሰጠውን ፊደል በመዝገቡ ጽፎ ስለሚያስቀምጥ እንዲህ በቀላሉ አይናወጥም። ነገር ግን ይህ መዝገብ ያለው በተጫነው ዊንዶውስ ውስጥ ነው፤ ከፍላሽ የሚነሣ መጫኛ የራሱን ፊደል እንደገና ሊያድል ይችላል።

«ዲስክ 0»፥ «ዲስክ 1» የሚሉት ቁጥሮች ደግሞ ከፊደሉ የተለዩ ናቸው። ፊደል የሚሰጠው ለዲስኩ ክፍል ሲሆን፥ ቁጥር የሚሰጠው ለሙሉው ዲስክ ነው። ቆጠራው ከዜሮ ስለሚጀምር «ዲስክ 1» ሁለተኛው መሆኑን ልብ ይሏል። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ከማዘርቦርዱ ሶኬት ተራ ጋር ቢገጥምም፥ ሁልጊዜ እንደሚገጥም ዋስትና የለም።

ሊኑክስም ቀድሞ ስም ያወጣ የነበረው በቦታ ነው። በአሮጌው የአይዲኢ ኬብል ዘመን፥ በሁለተኛው መሥመር ላይ በዋናነት የተቀመጠ ዲስክ፥ ከፊቱ ያለው ቦታ ባዶ ቢሆንም እንኳ፥ «ኤች-ዲ-ሲ» ተብሎ ይጠራ ነበር። ዛሬ የሳታም ሆነ የዩኤስቢ ዲስኮች «ኤስ-ዲ-ኤ»፥ «ኤስ-ዲ-ቢ» እየተባሉ በተገኙበት ተራ ይሰየማሉ። ከርነሉ ብዙ ዲስኮችን ባንድ ጊዜ ስለሚፈትሽ፥ ዛሬ የዘገየው ነገ ሊቀድም ይችላል፤ ያን ጊዜ ስማቸው ይለዋወጣል። ኤንቪኤምኢ የሚባሉትም ከዜሮ ጀምሮ ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ የእነሱም ተራ እንዲሁ ሊለዋወጥ ይችላል።

ይህ በምግብ አዳራሻችን ሰልፍ ላይ እንደ መቆም ነው። «ሦስተኛው» የተባለው ተማሪ ነገ ዐሥረኛ ሊሆን ይችላል፤ የመታወቂያ ቁጥሩ ግን ያው ነው። ዲስክም የራሱ መታወቂያ አለው። አንደኛው ፋብሪካው የሰጠው ተከታታይ ቁጥር ሲሆን፥ ፎርማት ቢደረግም አይለወጥም። ሁለተኛው ዩዩአይዲ የሚባለው 128 ቢት ርዝመት ያለው መለያ ነው፤ በራሱ በዲስኩ ክፍል ላይ የሚጻፍ በመሆኑ፥ ዲስኩ ወደየትኛውም ሶኬት ቢዛወር አብሮት ይሄዳል። ነገር ግን ክፍሉ እንደገና ፎርማት ሲደረግ አዲስ ይወጣለታል፤ ዲስኩ እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ ሲገለበጥም ሁለቱ አንድ ዓይነት መለያ ይይዛሉ።

እንግዲህ ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ምንድን ነው? አንደኛ፥ ዲስክ ከመጥረጋችን በፊት ተራውን ሳይሆን መጠኑን፥ ሞዴሉንና ተከታታይ ቁጥሩን እናመሳክር። ሁለቱ ዲስኮች መጠናቸው እኩል ከሆነ፥ የሚለያቸው ተከታታይ ቁጥሩ ነው። ሁለተኛ፥ የሚቻል ከሆነ ኮምፒዩተሩን አጥፍተን፥ እንዳይነካ የምንፈልገውን ዲስክ ኬብል እንንቀል፤ ያልተሰካ ዲስክ በስሕተት አይጠረግም። ሦስተኛ፥ ሊኑክስ ሲነሣ ዲስኮችን በሚያያይዝበት ዝርዝር ውስጥ «ኤስ-ዲ-ቢ» ከማለት ይልቅ ዩዩአይዲውን እንጻፍ። አራተኛና ዋነኛው፥ የመመረቂያ ጽሑፋችን ቅጅ ከዚያ ኮምፒዩተር ውጭ ይኑር።

ተራ ያልፋል፤ የሚታመነው ከቤት የወጣው ስም ነው።