የሚና ጨዋታ ምንነትና በክፍል ውስጥ ያለው ቦታ

ከማስተማሪያ ዘዴዎች መካከል ስሙ አዘውትሮ የሚጠቀስ፣ ትርጉሙ ግን ከሌሎች ጋር የሚደባለቅ አንድ ዘዴ አለ፤ ይኸውም የሚና ጨዋታ ነው። ተማሪዎች በቃል ያጠኑትን ጭውውት በክፍል ፊት ሲያቀርቡም ሆነ ገዥና ሻጭ ሆነው ሒሳብ ሲለማመዱ፣ ሁሉም በዚሁ ስም ይጠራል። ዘዴው የሚሰጠው ጥቅም ከባሕርዩ የሚመነጭ ስለሆነ፣ ምንነቱን ለይቶ ማወቅ ለመምህሩም ሆነ ለሥርዓተ ትምህርት አዘጋጁ አስፈላጊ ነው።

የጨዋታው አመጣጥ ባሕርዩን ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1824 የፕሩሲያ ጦር ለመኮንኖቹ ማሠልጠኛ የሚሆን የጦርነት ጨዋታ ተቀበለ። ተፋላሚዎቹ ወገኖች ትእዛዛቸውን ለዳኛ ያቀርባሉ፤ ዳኛውም በካርታ፣ በሠንጠረዥና ዳይስ በተባለው የዕጣ ጠጠር እየታገዘ የትእዛዙን ውጤት ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ የሚኔሶታ ነዋሪ የነበረው ዴቪድ ዌስሊ ከዚህ የጨዋታ ዓይነት ተነሥቶ አንድ ለውጥ አደረገ። ለተጫዋቾቹ ጦር ብቻ ሳይሆን የአንድ ከተማ ሰዎችን ሚና ሰጠ፤ አንዱ ከንቲባ፣ ሌላው የባንክ ባለቤት፣ ሌላው የዩኒቨርሲቲ ኃላፊ ሆነ። ጨዋታው ከዕቅዱ ውጭ ስለ ሄደ ዌስሊ እንዳልተሳካ ቆጠረው፤ ተጫዋቾቹ ግን እንዲደገም ጠየቁ። ከእነርሱ አንዱ የነበረው ዴቭ አርነሰን ከጋሪ ጋይጋክስ ጋር ሆኖ «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለውን ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1974 አሳተመ። ዘርፉ በስፋት የታወቀው ከዚህ ወዲህ ነው።

ከዚህ ታሪክ ሦስት መለያዎች ይገኛሉ። አንደኛ፣ ተጫዋቹ ፍላጎትና ችግር ያለውን የአንድ ሰው ሚና ይይዛል። ሁለተኛ፣ ያ ሰው ምን እንደሚያደርግ የሚወስነው ተጫዋቹ ራሱ ነው። ሦስተኛ፣ የውሳኔው ውጤት በደንብ ወይም በዳኛ ይታወቃል እንጂ አስቀድሞ አልተጻፈም።

በእነዚህ መለያዎች መሠረት ተመሳሳይ የሚመስሉትን መለየት ይቻላል። በቲያትር ተዋናዩ ሚና አለው፤ ነገር ግን ንግግሩንና ፍጻሜውን የወሰነው ደራሲው ነው። በቼዝ ውሳኔው የተጫዋቹ ነው፤ ሆኖም ንጉሡ የሚያስበውም የሚመኘውም ነገር የለም። ሕፃናት ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ እናትና አባት ይሆናሉ፣ በራሳቸውም ይወስናሉ፤ የውሳኔያቸውን ውጤት የሚያሳይ ቋሚ ደንብ ግን የላቸውም።

ይህ ልዩነት ለክፍል ሥራ ያለው ትርጉም በኒው ዮርክ በባርናርድ ኮሌጅ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማርክ ካርንስ በጀመረው የታሪክ ማስተማሪያ ዘዴ ይታያል። ከጨዋታዎቹ በአንዱ ተማሪዎች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ403 የነበሩ የአቴና ሰዎች ሆነው፣ ከጦርነት ሽንፈት በኋላ ከተማይቱ እንዴት ትተዳደር በሚለው ጉዳይ ይከራከራሉ። ለክርክሩ የዘመኑን ጽሑፎች ማንበብ ግድ ይሆንባቸዋል። የጉባኤው ድምፅ ታሪክ ከመዘገበው ሊለይ ይችላል፤ በመጨረሻም መምህሩ በእርግጥ የሆነውን አስረድቶ ልዩነቱን ከተማሪዎቹ ጋር ይመረምራል።

እንግዲህ ዘዴው የሚከሽፈው መምህሩ የሚፈልገውን መልስ አስቀድሞ ወስኖ ተማሪዎቹን ወደዚያ ሲገፋቸው ነው። ያን ጊዜ ሚናው ቢቀርም ውሳኔው ስለ ጠፋ፣ ጨዋታው ወደ ጭውውት ይለወጣል። ለምሳሌ ስለ መስኖ ውኃ ክፍፍል የሚማር ክፍል ቢኖር፣ አንዱ ተማሪ የውኃ አባት፣ ሌሎቹ ከላይና ከታች ያሉ ባለ መሬቶች ይሁኑ እንበል። «ተስማምተው ተካፈሉ» የሚል ፍጻሜ ከተሰጣቸው የሚማሩት ንግግርን ማጥናት ብቻ ነው። የውኃው መጠን፣ የተራው ደንብና የየማሳው ፍላጎት ብቻ ተሰጥቷቸው ከተዉ ግን፣ የታችኛው ማሳ ሲደርቅ የውሳኔያቸውን ዋጋ ያያሉ።

ስለሆነም መምህሩ የሚያዘጋጀው መነሻውን፣ ደንቡንና ከጨዋታው በኋላ የሚደረገውን ውይይት ነው፤ ፍጻሜው የተማሪዎቹ ነው። የትምህርት ዕቅድ አውጪዎችም ለጨዋታው ከሚመድቡት ሰዓት ሌላ ለውይይቱ በቂ ጊዜ ሊያስቡለት ይገባል፤ ተማሪው የወሰነበትን ምክንያት መርምሮ ከትምህርቱ ጋር የሚያገናኘው በዚያን ጊዜ ነውና።