በኮሶዬ አፋፍ ድምፅ ለመቅረጽ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚሄድ መንገደኛ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ኮሶዬን ያገኛል። ከአፋፉ ላይ ቆሞ ቁልቁል ቈላውን መመልከት ለዓይን ምን ያህል ደስ እንደሚያሰኝ ብዙ ጊዜ ስለ ተነገረ አንደግመውም። እኛን ዛሬ የሚያሳስበን የጆሮ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም በዚያ አካባቢ ሣር እየነጨ የሚውለው የጭላዳ መንጋ የሚያሰማው ድምፅ ነው።

የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ቶር በርግማን በሰሜን ተራሮች ያደረገውን ጥናት በ2013 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም፥ ወንዱ ጭላዳ ከንፈሩን እያማታ ለሴቲቱ የሚያሰማው ድምፅ ምቱ ከሰው ንግግር ጋር የተቀራረበ መሆኑን ገልጧል። እንዲህ ያለው ነገር የሚታወቀው ግን ድምፁ ጥርት ብሎ ሲቀረጽ ነው።

ኤሌክትሮኒክስ የሚማር ወጣት ይህን በትንሹ ልሞክር ቢል፥ አይ ኤስ ዲ 1820 የተባለችው ርካሽ ቺፕ ለመነሻ ትበቃዋለች። ቺፗ ድምፁን ወደ ቍጥር ሳትለውጥ የኤሌክትሪኩን ከፍታና ዝቅታ እንዳለ በውስጧ ታስቀምጣለች፤ ባትሪው ቢነቀልም አትረሳም። እንደ አርዱዊኖ ካለ ማይክሮኮንትሮለር ጋር ለማገናኘት አንድ ሽቦ ለመቅረጫው፥ አንድ ሽቦ ለማሰሚያው፥ አንድ የጋራ ኔጌቲቭ በቂ ነው። በመቅረጫው ሽቦ ላይ ቮልቱ ከፍ ብሎ እስከ ቆየ ድረስ ቺፗ ትቀርጻለች።

የቀረጻውን ርዝመት የሚወስነው አንድ ሬዚስተር ነው። 100 ኪሎ ኦም ቢሆን 10 ሰኮንድ ይገኛል፤ በሰኮንድ እስከ 2,600 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅም ያልፋል። 200 ኪሎ ኦም ሲሆን ጊዜው 20 ሰኮንድ ይሆናል፥ የሚያልፈው ድምፅ ግን እስከ 1,300 ብቻ ነው። ጊዜ ያተረፈ የሚመስለው ሰው «ሠራ» እና «ሸራ» የማይለዩበት ቀረጻ ይዞ ይመለሳል።

ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። በከተማ ሳለን የ50 ኸርዝ መብራት ጉምጉምታ ያስቸግረናል። ኮሶዬ ላይ በባትሪ የሚሠራ ሰው ከዚህ ያርፋል፤ ነገር ግን ሌላውን ጠላት ራሱ ተሸክሞ መጥቷል። አርዱዊኖው በሰኮንድ 16 ሚሊዮን ጊዜ ሲመታ ኤሌክትሪክ የሚስበው በመንጨት በመንጨት ነው። ማይክሮፎኑ የሚሰጠው ኃይል ደግሞ የቮልት ጥቂት ሺኛ ስለ ሆነ፥ ያ መንጨት እንደ ድምፅ ተቈጥሮ አብሮ ይገባል። ስለዚህ 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ከቺፗ እግር አጠገብ፥ 100 ማይክሮፋራድ ደግሞ ከጎኑ ይበየዳል። የኔጌቲቭ ሽቦዎች አንዱ በሌላው ላይ እየተቀጠሉ ከሚሄዱ እያንዳንዳቸው ባትሪው ዘንድ ቢገናኙ ይሻላል፤ የማይክሮፎኑም ሽቦ ይጠር፥ ይጠምዘዝም። ከሁሉ ይልቅ ደስ የሚለን ዘዴ ግን ማይክሮኮንትሮለሩ የመቅረጫውን ሽቦ ከፍ አድርጎ ራሱ እንዲተኛ ማዘዝ ነው። እርሱ ሲተኛ ሽቦው እንደ ተያዘ ይቆያል፤ ቺፗም በጸጥታ ትቀርጻለች።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ አስቀድሞ መሆኑ በከንቱ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በ1899 እ.ኤ.አ. ለንግሥት ቪክቶሪያ በሰም ሲሊንደር ያስቀረጹት ድምፅ ዛሬም ይሰማል፥ ግን ከነጭርጭርታው ነው። ኮምፒዩተር ከዚህ ብዙውን ሊያጣራ ይችላል፤ ይሁን እንጂ ጩኸቱና ንግግሩ በአንድ ስፍራ ሲገጥሙ ጩኸቱን ሲቈርጥ ከንግግሩም አብሮ ይቈርጣል።

ነፋሱን ደግሞ የትኛውም ካፓሲተር አይመልሰውም። ነፋስ የማይክሮፎኑን ፊት በቀጥታ ስለሚመታ ማጉያው ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ድምፁ ይቈረጣል፤ የተቈረጠውም አይጠገንም። መድኃኒቱ ስፖንጅ ማልበስና በላዩ ጠጉራም ጨርቅ መደረብ ነው፤ ከድንጋይ ጥግ መቀመጥም ይረዳል፥ እረኛ ይህን ከእኛ በፊት ያውቀዋል። በቺፗ ውስጥ ያለው ድምፅ መጣኝ ጸጥታ ሲሆን ማጉያውን ከፍ ስለሚያደርግ፥ ከሩቅ ቆሞ መቅረጽ እሽሽታን መሰብሰብ ነው።

ወደ አፋፉ ከመሄድ በፊት ማይክሮፎኑን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሎ 10 ሰኮንድ ባዶ ጸጥታ መቅረጽ ይገባል። መልሰን ስናሰማው የምንሰማው የመሣሪያውን የራሱን ድምፅ ነው፤ ከዚያ በኋላ አንዱን ሽቦ እያነሡ፥ አንዱን ካፓሲተር እየጨመሩ፥ እንደ ገና መቅረጽ ነው።