ሞቃት እጅ በጣርማ በር

ጣርማ በር ላይ ሞቃት እጅ ብርቅ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር ከፍ ባለው በር፣ ጣሊያን በሸነቆረው ዋሻ አፍ ላይ ጉም ሲወርድ፣ በቀትርም ቢሆን ጋቢ አይወልቅም። የጨበጥከው ሰው ሁሉ እጁ በረዶ ነው። እዚህ የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ሆኜ ስሠራ ከያዝኳቸው ልማዶች አንዱ ታካሚ ሲገባ ተነሥቼ መጨበጥ ነው። ሰላምታውም ምርመራውም አንድ ላይ ይሄዳል።

በጭንቀት የተያዘ ሰው መዳፉ ያልበዋል፤ ሲነኩት ግን ቀዝቃዛ ነው። የታይሮይድ ዕጢው ከልክ በላይ የሚሠራበት ሰው መዳፍ ደግሞ እርጥብም ሞቃትም ነው። ከዚህ ውጭ ሁለቱ በጣም ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ይንቀጠቀጣሉ፣ ልባቸው ድም ድም ይላል፣ እንቅልፍ ያጣሉ፣ በትንሽ ነገር ይቆጣሉ። ቤተሰብ የሚነግረኝም ያው ነው።

አንዲት ወጣት እናቷ ይዘዋት መጡ። ደብረ ሲና ላይ ለአውቶቡስ ተሳፋሪ ቆሎ የምትሸጥ ናት። «ዶክተር፣ ከጦርነቱ ወዲህ ደንግጣ ቀረች» አሉኝ እናት። ዶክተር አይደለሁም፤ እዚህ ግን ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው። የሰሜኑ ጦርነት በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ወር እስከ ደብረ ሲና ዘልቆ ስለነበር አባባላቸው እውነት የሚመስል ነበር። በዚያ ሰሞን የደነገጠ፣ እስካሁንም የበር ድምፅ የሚያስደነብረው ብዙ ሰው አይቻለሁ። እኔም ወደዚያው ላዘነብል ስል እጇ ሞቀኝ። «እማማ፣ እህል ላይ እንዴት ናት?» አልኳቸው። «እሱስ አልተዘጋባትም፤ እንዲያውም ከወንድሞቿ ትበልጣለች። የምትበላው የት እንደሚገባ ነው ያልገባኝ።» ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ የተሰቀለ ይመስላል። ክንዶቿን ዘርግታ ጣቶቿን እንድትከፍት አድርጌ ወረቀት ጣል ሳደርግባቸው ወረቀቱ ተርገፈገፈ። ልቧ ተቀምጣም ይጋልባል። በድንጋጤ የሚመታ ልብ ሰውየው እንቅልፍ ሲወስደው ይረጋጋል፤ በታይሮይድ የሚጋልብ ልብ ግን ተኝተውም አይበርድለትም። ነጠላዋን ከአንገቷ ስታነሣ እንቅርቱ ታየ።

የአእምሮ ነገር ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው ጭንቅላትን ብቻ ነው። አንጎል ግን ሥራውን ብቻውን አይሠራም። ከሥሩ ሃይፖታላመስ የሚባል ትንሽ ክፍል አለ፤ እሱ ፒቱታሪ የተባለችውን ዕጢ ያዛል፤ ፒቱታሪ ቲኤስኤች የተባለ ሆርሞን በደም ልካ አንገት ላይ ያለውን ታይሮይድ ትቀሰቅሳለች። ታይሮይድ ያመረተው ሆርሞን ተመልሶ አንጎል ይደርስና «በቃ» ወይም «ጨምር» ያሰኛል። የዚህ ሆርሞን ጥሬ ዕቃ አዮዲን ነው። አዮዲን ካልገባ ትእዛዙ ይበረታል እንጂ ምርቱ አይጨምርም፤ እህል ያልገባበትን ወፍጮ «ፍጭ፣ ፍጭ» እንደማለት ነው። ዕጢው ሲጨነቅ ይተልቃል። እንቅርት የምንለው ይኼው ነው።

ሆርሞኑ ሲያንስ የሚመጣው ችግር ከቆሎ ሻጯ ተቃራኒ ነው፤ እኔንም ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህኛው ነው፤ ምክንያቱም ጩኸት የለውም። ሰውየው ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ ይረሳል፣ ድምፁ ይጎረናል፣ ቆዳው ይደርቃል፣ ሆዱ ይደርቃል። ሴት ከሆነች አማት «ሰነፈች» ትላለች፤ ባል «ከፋባት» ይላል፤ ጎረቤት ደግሞ ሌላ ስም አያጣም። እኔ ጋ ስትደርስ የድባቴን መጠይቅ በሙሉ ታሟላለች፦ ደስታ የለም፣ ጉልበት የለም፣ ሐሳብ አይሰበሰብም፣ መተኛት ብቻ። ድባቴ ብሎ ጽፎ መድኃኒት ማዘዝ የ5 ደቂቃ ሥራ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ቁርጭምጭሚቷን በመዶሻ ከኋላ መታ ሳደርግ እግሯ እንደ ሰው ሁሉ ይፈናጠራል፤ ሲመለስ ግን ቀስ እያለ ነው፣ እንደተኛ ሰው። ያን ጊዜ የደም ምርመራ አዝዛለሁ፤ ናሙናው ወደ ትልቅ ሆስፒታል ይላካል፤ ውጤቱን መጠበቅ አለ። መጠበቁ የሚያስቆጨው አለ፤ እኔ ግን ያለ ቦታው ከሚሰጥ ኪኒን ይሻላል ባይ ነኝ።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1949 ሪቻርድ አሸር የተባለ የለንደን ሐኪም የ14 ሰዎችን ታሪክ ጽፎ አሳትሞ ነበር። አብደዋል የተባሉ ሰዎች ናቸው፤ ይሰማቸዋል፣ ይታያቸዋል፣ ሰው ሊገድለን ነው ይላሉ። ሥሩ ግን የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ ነበር፤ አብዛኞቹም ሆርሞኑ ሲተካላቸው አገግመዋል። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ አንገት ሳይነካ የሚጻፍ የአእምሮ ሕመም ካርድ ማየት ያበሳጨኛል።

ለምን እዚህ? አገሩ ደጋ ነው፣ ቁልቁለት ነው። ከዘመን ዘመን የወረደው ዝናብ አፈሩን ከነአዮዲኑ አጥቦ ወደ ቆላ ወስዶታል፤ አፈሩ የሌለውን ገብስና ባቄላው ከየት ያመጣል? ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉ ሴቶች ላይ በሀገር አቀፍ ደረጃ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት ከ100 ሴቶች ወደ 36 የሚሆኑት እንቅርት እንዳለባቸው አግኝቷል። እናቶቻችን አንገታቸውን የተነቀሱት ለውበት ብቻ አልነበረም፤ እንቅርትን ይከላከላል ተብሎም ነው።

ጨውም የራሱ ታሪክ አለው። ከዚሁ ተራራ ሥር አልዩ አምባ የአፋር ነጋዴ ጨው ይዞ የሚወጣበት ትልቅ ገበያ ነበር፤ ግን ያ ጨው አዮዲን እምብዛም የለውም። በኋላ ከአሰብና ከምጽዋ አዮዲን የተጨመረበት ጨው ይገባ ጀመር። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሣ መንገዱ ተዘጋ፤ አገሩ በአፋር ወዳለው የአፍዴራ ጨው ዞረ፤ አዮዲኑም ቀረ። በ2003 ዓ.ም. የሰው ምግብ የሚሆን ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። በዚያው ዓመት በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘባቸው ቤቶች ከ100 ውስጥ 15 ያህል ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ጥናት 89 ደረሱ። ትልቅ ለውጥ ነው። ያም ሆኖ ጨው ውስጥ አዮዲን መገኘቱ አንድ ነገር ነው፣ የሚበቃ ያህል መኖሩ ሌላ። ገበያ ላይ ጆንያው ተከፍቶ ፀሐይ ሲመታው፣ ቤት ውስጥ ክዳን በሌለው ዕቃ እሳት ዳር ሲቀመጥ፣ ወጡ ገና ሲጣድ ሲጨመር አዮዲኑ ይቀንሳል። ለዚህ ነው ለአእምሮ ሕክምና የመጣችን ሴት «ጨው የት ነው የምታስቀምጪው?» የምላት። ግራ ይገባታል፤ አልፈርድባትም።

አዮዲኑ ሲመለስም ጣጣ አያጣም። ለዓመታት የተራበና የተጓጎለ ዕጢ በድንገት ሲያገኝ ልጓሙን በጥሶ ሆርሞን ያጎርፋል። ዚምባብዌ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ጨዋን በአዮዲን ስታበለጽግ የታይሮይድ ሆርሞን መብዛት ያለባቸው ሰዎች ቁጥር ጨምሮ ነበር። ይህ ጨዉን ለመተው ምክንያት አይሆንም፤ በእርጉዝ ሴት ማኅፀን ያለው ጽንስ አንጎሉ የሚገነባው በዚሁ ሆርሞን ነውና። በዕድሜ የገፋች እናት ያረጀ እንቅርት ይዛ አዲስ ጭንቀት ሲጀምራት ግን መጠርጠር ደግ ነው።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን ልበል፤ አንዳንድ ባልደረባ አንዴ እንቅርት ካየ ሌላ አይታየውምና። እንቅርት ካለባቸው ሰዎች የብዙዎቹ ሆርሞን ልክ ነው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይባል የለ? አንገቷ ያበጠም ሰው ልጅ ይሞትባታል፣ ትፈናቀላለች፣ ባሏ ይደበድባታል። ውጤቷ ደህና ሆኖ ሲመጣ «ምንም የለብሽም» ተብላ የተመለሰች ሴት አውቃለሁ። ነበረባት እንጂ፤ ልጇን ቀብራ ነበር። ለሐዘንና ለድባቴ የሚሰጠው ሕክምና፣ ምክሩም መድኃኒቱም፣ አንገቱ ላበጠ ሰው አይነፈግም። በሌላ በኩል ስሜቱ ከፍና ዝቅ ለሚልበት ታካሚ የምንሰጠው ሊቲየም ራሱ ታይሮይድን ሊያዳክም ስለሚችል፣ ከመጀመሩ በፊትና እየወሰደም ደሙ መታየት አለበት።

ቆሎ ሻጯ ዕጢውን የሚያበርድ መድኃኒት ጀመረች። የጦርነቱ ድንጋጤም ጨርሶ ውሸት አልነበረም፤ ልቧ ሲረጋጋ ስለ እሱ መናገር ቻለች።

ሆርሞን ካነሳቸው እናቶች ጋር ግን የሚያታግለኝ ቡና ነው። የታይሮይድ ኪኒን በባዶ ሆድ በውኃ ይዋጣል፤ ቡና አብሮት ከገባ ወደ ደም የሚደርሰው ይቀንሳል። አንዲት እናት መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ወስደው ከ2 ወር በኋላ ደማቸው ብዙም አልተለወጠም። «እንዴት ነው የሚውጡት?» ስላቸው «ምን ችግር አለው ልጄ፣ በአቦሉ ዋጥ ነው» አሉኝ። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ እንደማይቀምሱም ጨመሩልኝ። የነፍስ አባታቸው ዘንድ ሄደን ነገሩን አስረዳን። ማለዳ ጸበል ስለሚጠጡ ኪኒኑን በዚያው እንዲውጡ ፈቀዱላቸው። በእኔም በኩል የሚያስፈልገው ባዶ ሆድና ውኃ ስለሆነ ተስማማሁ። የፍስክ ቀኑን ቡና አንሥተን ብዙ ተከራከርን፤ በመጨረሻ አቦሉን በ1 ሰዓት ሊያዘገዩልኝ እሺ አሉ።