የግራዋ ቅጠል፦ ምሬቱ ምን ይዟል?

ጠላ ጠማቂ እናቶች ጋኑን በግራዋ ፈትገው ካላጠቡና በወይራ ካላጠኑ ጠላቸውን አያምኑትም። ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ኤቢቻ የሚሉት ይህ ቁጥቋጦ ከጠላ ቤት አልፎ ለሆድ ቁርጠት፣ ለሆድ ትል፣ ለወባና ለእከክ ይፈለጋል። ናይጄሪያውያን ጭራሽ ወጥ ይሠሩበታል። እነሱ ግን ቅጠሉን ደጋግመው እያሹ ያጥቡታል፤ ምሬቱም ከአረፋው ጋር ይወርዳል።

አረፋውን የሚሰጡት ሳፖኒን የሚባሉት ውህዶች ናቸው። ተመራማሪዎችን ይበልጥ የሳቡት ግን ሰስኩዊተርፒን ላክቶን የተባሉት መራራ ውህዶች ናቸው። የነቀርሳ መድኃኒት ከዕፅዋት ይፈልግ የነበረው አሜሪካዊው ኬሚስት ሞሪስ ኩፕቻን ከባልደረቦቹ ጋር ቬርኖዳሊንና ቬርኖሚግዲን የተባሉትን ለይቶ ማግኘቱን እ.ኤ.አ. በ1969 አሳተመ። እነዚህ ውህዶች በሕዋስ ውስጥ ድኝ ካላቸው ፕሮቲኖች ጋር ተጣብቀው ሥራቸውን ያሰናክላሉ። ጥገኛ ተሕዋሳትን የሚጎዳው ይኸው ጠባይ የራሳችንንም ሕዋስ ሊጎዳ ይችላል፤ መድኃኒቱና መርዙ አንድ ቦታ ናቸው። ቅጠሉ ከዚህ ሌላ ሉቲዮሊንን የመሳሰሉ ፍላቮኖይዶች አሉት።

መድኃኒቱን ከመርዙ መለየት ግን ቺምፓንዚዎች የሚያውቁበት ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1987 ታንዛኒያ ውስጥ በማሃሌ ተራሮች ተመራማሪው ማይክል ሃፍማንና ታንዛኒያዊው መሐመዲ ሰይፉ ካሉንዴ የታመመች ቺምፓንዚ ሲከታተሉ፣ የግራዋን ለጋ ግንድ ልጣ ውስጡን ስታኝክና መራራውን ጭማቂ ስትውጥ አዩ፤ በማግስቱ ድና ታየች። ቅጠሉንና ልጡን ግን ትታቸው ነበር። በኋላ የጃፓን ኬሚስቶች ሲመረምሩት ቬርኖዳሊን በብዛት ያለው በቅጠሉ ውስጥ ሆኖ ተገኘ፤ በግንዱ ውስጠኛ ክፍል ደግሞ ቬርኖኒዮሳይድ ቢ1 የተባለውን ውህድ አገኙ።

ስለ ግራዋ የተጻፈው ጥናት ብዙ ነው፤ አብዛኛው ግን ከመጀመሪያው ደረጃ አያልፍም። ቅጠሉ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ በሜታኖል ይዘፈዘፋል፤ ከዚያ «አልካሎይድ አለው፣ ታኒን አለው፣ ሳፖኒን አለው» ተብሎ ይደመደማል። ይህማ ስለ ሻይ ቅጠልም ሊባል ይችላል! በምን እንደተዘፈዘፈ፣ በምን ሙቀት እንደተዘጋጀ ሳይታይ ሁለት ጥናቶችን ማወዳደርም አይቻልም፤ ውሃ የሚያወጣውና ክሎሮፎርም የሚያወጣው አንድ አይደለምና። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ የወባ መድኃኒቱን አርቴሚሲኒንን ከሌላ ተክል ልታገኝ የቻለችው ቅጠሉን ማፍላት ትታ በዝቅተኛ ሙቀት በኤተር ካወጣችው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ለኖቤል ሽልማት ያበቃት ይኸው ሥራ ነው።

በአይጥ ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ተስፋ ይሰጣሉ፦ የግራዋ ጭማቂ የወባ ተሕዋስን ቁጥር ቀንሷል፣ የደም ስኳርንም ዝቅ አድርጓል። በሰው ላይ የተደረገው ግን ጥቂት ነው። ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረው እ.ኤ.አ. በ2009 ከኡጋንዳ የታተመው ነው። ያልተወሳሰበ ወባ ለያዛቸው ሕሙማን በውሃ የተዘፈዘፈ እርጥብ የግራዋ ቅጠል ተሰጣቸው፤ በ14ኛው ቀን 67 በመቶዎቹ ሕመማቸው ቀሎላቸው ተገኙ። ከእነዚህ መካከል ተሕዋሱ ከደማቸው ፈጽሞ የጠፋው 32 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከጠፋላቸውም በ71 በመቶዎቹ ላይ ተመልሷል። ትኩሳቱ በረደ ማለት ወባው ለቀቀ ማለት አይደለም። አያቶቻችን «ሠራ» ያሉት ሐሰት አይደለም፤ ያዩት ትኩሳቱን ነው፤ ደሙን በማይክሮስኮፕ አላዩም።

ስለዚህ ትኩሳት ሲይዛችሁ ግራዋ ብትጠጡም የወባ ምርመራውን አትተዉ። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ ግራዋ እንደምትጠጡ ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ ሁለቱ ተደርበው ስኳራችሁን ከሚገባው በታች ሊያወርዱት ይችላሉ።