ለቀስት የሚበቃ መጋዝ

በጥርና በየካቲት እስራኤል ውስጥ በምትገኘው ከተማችን በፔታሕ ቲክቫ ዛፍ ይመለመላል። የማዘጋጃ ቤቱ መኪና መጥቶ እስኪጭነው ድረስ የተቆረጠው ቅርንጫፍ በየመንገዱ ዳር ይቆለላል። በዕብራይስጥ ጌዜም ይሉታል፤ እኛም እንደዚያው እንለዋለን። አላፊ አግዳሚው ዞር ብሎ አያየውም፣ እኔ ግን ሳላገላብጠው አላልፍም። ከክምሩ መካከል አንዳንዴ ቀጥ ያለ፣ ጉጥ ያልበዛበት፣ እንደ ሰው ጭን የወፈረ የቱት ግንድ ይገኛል። ቱት ቅጠሉን የሐር ትል የሚመገበው ዛፍ ነው። ሲፈለጥ ውስጡ ቢጫ ሆኖ ይወጣና ብርሃን ሲያገኘው እየቆየ ወደ ቡናማ ይለወጣል። ሲሳብ ቶሎ አይበጠስም፣ ሲጨመቅም ቶሎ አይደቅም። ለቀስት የሚሆን እንጨት ማለት ይኸው ነው።

ባለፈው ጥር አንዱን ግንድ ተሸክሜ ስገባ የጎረቤቴ ልጅ ደረጃው ላይ አገኘኝ። ከሠራዊት ከወጣ ገና ዓመቱ ነው። ግንዱን በሌላኛው ጫፍ ያዘልኝና «ጋሼ፣ እኔም ቀስት ልሠራ ነው። ባንድ ሶው ልገዛ ፈልጌ ነበር፤ የቱን ልግዛ?» አለኝ። ያለው ገንዘብ ትንሽ ነው። የሚሠራበትም ቦታ ከሕንጻው ሥር ያለችው ማሕሳን፣ ዕቃ ቤታቸው ናት። እዚህ የምጽፈው ለእሱ የመለስኩለትን ነው።

ስለ ቃሉ አንድ ነገር ላስቀድም። ዛሬ ዛሬ ብዙ ሰው ቀስት የሚለው ተወርውሮ የሚሄደውን ነው። እኔ ቀስት ስል የሚጎብጠውን እንጨት፣ ፍላጻ ስል የሚበረውን ነው። በሕይወቴ መጀመሪያ ያወቅሁት ቀስት ግን ፍላጻ አልነበረውም፤ ጎንደር ሳለን እናቴ ጥጥ የምትነድፍበት ደጋን ነበር። ጅማቱን መታ መታ ስታደርገው ጥጡ ይበተንና ባዘቶ ይሆናል። ያ ደጋን ስንት ዘመን እንደ ጎበጠ ሳይሰበር ኖረ። ቅርንጫፉን እንደ በቀለ አጎበጡት እንጂ ክሩን በመጋዝ አልቆረጡትም። የሠራው ሰው ስለ እንጨት ክር የሚያውቀውን እኔ ብዙ እንጨት ሰብሬ ነው የተማርኩት።

ባንድ ሶው አሠራሩ ቀላል ነው። ላይና ታች ሁለት መንኮራኩሮች አሉት። በሁለቱ ላይ ጫፍና ጫፉ የተበየደ፣ አንድ ጠርዙ ጥርስ ያለው ቀጭን የብረት ጥብጣብ ይጠመጠማል። የታችኛውን መንኮራኩር ሞተር ያዞረዋል፤ አንዳንዱ በቀጥታ፣ አንዳንዱ በቺንጊያ። ጥርሱ ሁልጊዜ ከላይ ወደ ጠረጴዛው ነው የሚወርደው። ስለዚህ እንጨቱን ወደ ታች ይጫነዋል እንጂ እንደ ክብ መጋዝ ወደ ሠራተኛው አይወረውርም። መንገዱም ቀጭን ስለሆነ ወደ ሰጋቱራ የሚለወጠው እንጨት ትንሽ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጥምዝ መስመር ይከተላል። የቀስት ሁለት ክንፎች ከመያዣው አጠገብ ሰፍተው ወደ ጫፍ እየጠበቡ የሚሄዱ ስለሆኑ፣ ለዚህ ሥራ ከሱ የተሻለ የኤሌክትሪክ መጋዝ አላውቅም።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ዊልያም ኒውቤሪ የተባለ እንግሊዛዊ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ የፈጠራ መብት አውጥቶበት ነበር። ነገር ግን ያለማቋረጥ እየጎበጠና እየተቃና የሚሽከረከር ጥብጣብ መበጠሱ አልቀረም፤ ማሽኑም ለረጅም ጊዜ ለሥራ ሳይበቃ ቆየ። ብየዳውን ያሻሻለችው አን ፖሊን ክሬፓን የተባለች ፈረንሳዊት ናት፤ በ1846 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ጠየቀችበት፣ ፔራን የተባለው የፓሪስ ኩባንያም ከእሷ ገዛው። ዛሬም ቢሆን የዚህ ማሽን ነገሩ ሁሉ ጥብጣቡ ላይ ነው። ርካሽ ማሽን የሚገዛ ሰው ይህን ካወቀ ግማሹን አወቀ።

ገዢ ግን መጀመሪያ የሚያየው መጠኑን ነው። መጠኑ የሚጠራው በመንኮራኩሩ ዲያሜትር ነው፤ ባለ 8 ኢንች፣ ባለ 10፣ ባለ 12፣ ባለ 14 እየተባለ። ባለ 8 እና ባለ 9 ኢንቾቹ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡ ናቸው። ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው እንጨት ይቆርጣሉ፤ ሞተራቸው ብዙውን ጊዜ ከ250 እስከ 350 ዋት ነው። ባለ 14 ኢንቹ ወለል ላይ ይቆማል። የተለመደው 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቆርጣል፤ ሞተሩ ወደ 1 የፈረስ ጉልበት፣ ማለትም 750 ዋት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ነው። ልጁ ዓይኑን የጣለው እዚህ ላይ ነበር። «ትልቅ ከገዛሁ አይቆጨኝም» አለ።

የቤት ዕቃ የሚሠራ ቢሆን እሺ እለው ነበር። ቀስት የሚሠራ ሰው ግን ቀስቱን ይለካ። የአዋቂ ቀስት ከ170 እስከ 180 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ስፋቱ 4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር ነው። የጎኑን ቅርጽ ስናወጣ እንጨቱ ጠረጴዛው ላይ ይተኛል፣ መጋዙ የሚያገኘውም 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ውፍረቱን ለመቀነስ በጎኑ ስናቆመው ደግሞ 5 ሳንቲ ሜትር። 8 ሳንቲ ሜትር የሚቆርጥ ማሽን ለዚህ ይተርፈዋል። በጥብጣቡና በምሰሶው መካከል ያለው ቦታ 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ መሆኑም ቀስት ሠሪን አይጎዳውም፤ ርዝመቱ ወደ ፊት እየሄደ ያልቃል እንጂ ወደ ጎን አይዞርም። የሚቸግረው ሌላ ነው። ጠረጴዛው ትንሽ ሲሆን ረጅሙ እንጨት ጫፉ ላይ ያዘነብላል፣ ቀላሉን ማሽንም አብሮ ሊገለብጠው ይችላል። ስለዚህ ማሽኑ በቡሎን ከከባድ ጠረጴዛ ጋር ይታሰር፤ እንጨቱ በሚገባበትና በሚወጣበት በኩልም በጠረጴዛው ልክ መደገፊያ ይቁም። ያ መደገፊያ ከቁርጥራጭ ጣውላ ይሠራል፣ ወጪ የለውም።

ትንሹ ማሽን ግንድ አይሰነጥቅም። ግንድ መሰንጠቅ ግን ከመጀመሪያውም የመጋዝ ሥራ አይደለም፤ የሽብልቅ ሥራ ነው። መጋዝ የሚከተለው እኛ ያሰመርነውን መስመር ነው፣ ሽብልቅ ግን የእንጨቱን ክር ተከትሎ ይሄዳል። ክብ ግንድ ባንድ ሶው ላይ ማስኬድ አደጋም አለው። ጥርሱ ሲይዘው ይንከባለላል፣ እጅንም አብሮ ይስባል። ደግሞስ ቀስት ያለ ሞተርም ይሠራል፤ ዴንማርክ ውስጥ ከሆልመጋርድ ረግረግ የወጡት የኤልም እንጨት ቀስቶች 9,000 ዓመት ገደማ አላቸው። በ1545 እ.ኤ.አ. ከሰጠመችው ሜሪ ሮዝ ከተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ደግሞ ከ130 በላይ ቀስቶች ተገኝተዋል። አንዱም ሞተር ያለው መጋዝ አልነካውም። እኛ መጋዙን የምንገዛው ክንዳችንን እንዲያሳርፍልን ነው፤ በመጥረቢያ ቀን ሙሉ የሚፈጀውን ትርፍ እንጨት በግማሽ ሰዓት እንዲያነሳልን።

ትርፍ ያልኩት አውቄ ነው። ቀስት ጀርባና ሆድ አለው። ጀርባው ወደ ዒላማው የሚያየው ነው፤ ሲለጠጥ ይሳባል። ሆዱ ወደ ተኳሹ ነው፤ ይጨመቃል። ጀርባው ላይ አንድ የዕድሜ ቀለበት ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቆረጥ መሄድ አለበት። ቀለበቱ አንድ ቦታ ከተነካ ስንጥር ከዚያ ይነሳል፣ ቀስቱም ከዚያ ይሰበራል። ስለዚህ መጋዝ ጎኑንና ሆዱን እንጂ ጀርባውን አይነካም። ከመስመሩም ቢያንስ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ርቆ ይቆማል፤ ያ ለሞረድ የሚቀር ነው።

ይህን የተማርኩት ከስንፍና ነው። የመጀመሪያ ማሽኔን ስገዛ አብሮት የመጣውን ጥብጣብ ሳልቀይር ሠራሁበት። ጥርሱ ደቃቅና ብዙ ነበር፣ ደንዝዞም ነበር። ሲደነዝዝ ደግሞ መግፋት ይመጣል፣ ሲገፉት ጥብጣቡ ውስጥ ለውስጥ ይጎብጣል። ከላይ መስመሩን ጠብቄ እየሄድኩ መስሎኝ ነበር፤ ገልብጬ ሳየው ከታች በኩል 5 ሚሊ ሜትር ገብቶ ክንፉን በልቶታል። ስምንት ወር ያደረቅሁት እንጨት ነበር። ያም ሆኖ ጨረስኩትና በሦስተኛው ስስበው እዚያው ቦታ ላይ ለሁለት ሄደ።

ስለዚህ ልጁን ያልኩት ይህ ነው፦ ገንዘብህን ትልቅ ማሽን ላይ አታፍስስ፤ ትንሽ ግን ጠንካራ ግዛና ከተረፈህ ሦስት ጥሩ ጥብጣብ ግዛበት። ለቀስት 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው በጣም ይስማማል፤ እስከ 36 ሚሊ ሜትር ሬዲየስ ድረስ ይታጠፋል፣ ቀስት ላይ ደግሞ ከዚያ የጠበበ ጥምዝ እምብዛም የለም። ማሽኑ ከቻለው 13 ሚሊ ሜትሩ ይበልጥ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። 6 ሚሊ ሜትሩ ለመያዣው ቅርጽ ጥሩ ነው፤ ረጅም መስመር ላይ ግን ይባዝናል። ጥርሱ በአንድ ኢንች 4 ወይም 6 ይሁን። ወፍራም እንጨት ውስጥ ደቃቅ ጥርስ በሰጋቱራ ይታፈናል፣ ይግላል፣ ይደነዝዛል። የጥብጣቡ ርዝመትም ገበያ ላይ በቀላሉ የሚገኝ መሆኑን ማሽኑን ሳይገዙ በፊት ማጣራት ነው።

ያድ ሽኒያ፣ ያገለገለ፣ ለሚገዛ ሰው ሌላም የሚታይ አለ። ከወርክሾፕ የወጣ አሮጌ ማሽን ብዙ ጊዜ ባለ ሦስት ፌዝ ነው፤ በዕቃ ቤት 230 ቮልት አይሠራም። ሽፋኑ ይከፈትና መንኮራኩሮቹ ላይ ያለው ላስቲክ በጥፍር ይጫን፤ ደርቆ ከተሰነጠቀ ጥብጣቡ ይንሸራተታል፣ ማስቀየርም ይቻላል። መንኮራኩሩ በእጅ ይዞር፤ ኩሽኔታው የሚንኳኳ ከሆነ ይሰማል። ክፈፉ ከቀጭን ላሜራ የተሠራ ከሆነ ጥብጣቡ ሲወጠር ክፈፉ ራሱ ይጎብጣል፤ ይህ የማይድን በሽታ ነው። ቀለሙ የተላጠ ወይም ጠረጴዛው ዝገት የያዘ ማሽን ግን አያስፈራ፤ ዝገት በዘይትና በብርጭቆ ወረቀት ይለቃል። ጥብጣቡን ግራና ቀኝ የሚይዙት መምሪያዎች ከጥብጣቡ የወረቀት ውፍረት ያህል ብቻ ርቀው መስተካከል መቻል አለባቸው። ሠራተኛውም በየጊዜው የላይኛውን መምሪያ ዝቅ አድርጎ እንጨቱ አናት ላይ ሊያደርሰው ይገባል፤ ይህ ለጣትም ለመስመርም ነው።

የእንጨትን ነገር ካነሳሁ፣ ልጁ በመጀመሪያ ያመጣልኝ ባሕር ዛፍ ነበር። ይገባኛል፤ ባሕር ዛፍ እዚህ ሞልቷል። በ1878 እ.ኤ.አ. ፔታሕ ቲክቫን የቆረቆሩትን ሰዎች ወባ አባሯቸው ነበር፤ በኋላ ተመልሰው ረግረጉ እንዲደርቅ ብለው የተከሉት ዛፍ ነው። አዲስ አበባንም ማገዶ ሲቸግራት በምኒልክ ዘመን የደረሰላት እሱው ነው። ለቀስት ግን ለጀማሪ አልመክረውም፤ ክሩ ይጠማዘዛል፣ ሲደርቅም ይሰነጣጠቃል።

ለልጁ ለምን ይህን ያህል እንደምለፋለት ልናገር። እኛ ቤተ እስራኤል ጎንደር ውስጥ የታወቅነው በእጅ ሥራ ነው፤ ወንዱ ቀጥቃጭ፣ አናጺ፣ ግንበኛ፣ ሴቷ ሸክላ ሠሪ። ጠይብ እየተባልን ተሰድበንበታል። በግንቦት 1991 እ.ኤ.አ. ከ14,000 በላይ ሆነን ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ስንወጣ አባቴ መሮውንና መዶሻውን ይዞ አልመጣም፤ እዚህም ዳግመኛ አልያዛቸውም። የዚህ ልጅ አያትም እንዲሁ። ልጁ ግንዱን በሌላኛው ጫፍ ሲይዝልኝ የተሰማኝ ይህ ነው።

መጋዙ ከቆመ በኋላ ያለው ሥራ የጆሮና የዓይን ነው። ሁለቱ ክንፎች እኩል እንዲጎብጡ ከሆዱ በሞረድና በፋቂ ብረት ጥቂት ጥቂት እየተፋቀ፣ እየተሳበ፣ እንደገና እየተፋቀ ይሄዳል። እኔ ይህን መቃኘት እለዋለሁ፤ የበገና ቅኝት ነው የሚመስለኝ፤ አንዱ ክንፍ ሲጠነክር ሌላው አብሮት አይሄድም። እዚህ ላይ ሞተር ያለው ነገር አይጠጋም።

በሳምንቱ ሴጉላ፣ የጋራዡና የወርክሾፑ ሠፈር፣ አንድ አናጺ ዕቃውን እየሸጠ ነው ተብሎ ከልጁ ጋር ሄድን። ባለ 10 ኢንች፣ ክፈፉ ወፍራም ብረት፣ ተራ የቤት ሶኬት ላይ የሚሠራ። አስነሳነው። የአምስት ሼቄል ሳንቲም ከኪሴ አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ በጠርዙ አቆምኩት። ማሽኑ የሚንቀጠቀጥ ቢሆን ይወድቅ ነበር። ሦስታችንም ዝም ብለን እያየነው ሞተሩ ዞረ፣ ሳንቲሙ ቆመ። ልጁ ከፈለ፣ እኔም ሳንቲሜን አነሳሁ።

ማሽኑ አሁን ማሕሳኗ ውስጥ በአራት ቡሎን ታስሯል። ልጁ ጭንብል ገዝቷል፣ የእንጨት ብናኝ ሳንባ ይጎዳልና፤ ከቀትር በኋላ ከ14:00 እስከ 16:00 ጎረቤት ሲያርፍ አያስነሳውም፣ ቅዳሜም አይነካውም። ቱቱ ግን ገና ነው። በሽብልቅ ለአራት ፈልጠን፣ እንዳይሰነጠቅ ጫፍና ጫፉን ሙጫ ቀብተን፣ ቀንና የመጀመሪያ ክብደቱን በእርሳስ ጽፈንበት ግድግዳው ሥር አጋድመነዋል። በየሳምንቱ ሚዛን ላይ ያወጣዋል። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደረቀ ማለት ነው፤ እንደ እኔ ግምት በኅዳር፣ በበዓላችን በስግድ ሰሞን።