የጽንስ የልብ ምት መከታተያና የእናቶች ውሳኔ

የጽንስን የልብ ምትና የማኅፀንን መኮማተር ሳያቋርጥ እየመዘገበ ጎን ለጎን በወረቀት ላይ የሚያትመው፣ ባለሙያዎችም በአጭሩ ሲቲጂ የሚሉት መሣሪያ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ወደ ማዋለጃ ክፍሎች ሲገባ ትልቅ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። ጽንሱ በምጥ ጊዜ ኦክስጅን ሲያጥረው መሣሪያው ቶሎ ያስታውቃል፣ ሐኪሙም ፈጥኖ ይደርስለታል ተብሎ ስለታመነ፣ በበርካታ አገሮች ጥቅሙ በጥናት ከመረጋገጡ በፊት የዘወትር አሠራር ሆነ።

ከ37,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉባቸው 13 ጥናቶች እ.ኤ.አ. በ2017 ተጠቃለው ሲመረመሩ፣ ያልተቋረጠው ክትትል አዋላጇ በየጊዜው ከምታዳምጥበት ዘዴ ጋር ሲነጻጸር፣ በጨቅላ ሕፃናት ላይ አልፎ አልፎ የሚከሰተውን የሚያንቀጠቅጥ ሕመም በግማሽ ቀንሷል፤ የሕፃናትን ሞትም ሆነ እንቅስቃሴን የሚያውከውን ሴሬብራል ፓልሲ የተባለ የአንጎል ጉዳት ግን እንደቀነሰ አልታየም፤ በኦፕራሲዮን የመውለድ ዕድል ደግሞ ከ60 በመቶ በላይ ጨምሯል። ምክንያቱም በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ጊዜ የሚመታው የጽንስ ልብ ማኅፀን ሲኮማተር ዝቅ ብሎ መመለሱ ብዙ ጊዜ አደጋ ባይሆንም፣ መሣሪያው እያንዳንዱን ዝቅታ ስለሚያሳይና ያንኑ ወረቀት ሁለት ሐኪሞች በተለያየ መንገድ ሊያነቡት ስለሚችሉ፣ የተጠራጠረው ሐኪም ወደ ኦፕራሲዮን ማዘንበሉ አይቀርም።

ምጥ የያዛት ሴት የልጅዋ ልብ እየደከመ እንደሆነ ሲነገራት የምትመዝነው ነገር አይኖራትም፤ የኦፕራሲዮኑ ጠባሳ በሚቀጥለው እርግዝና ማኅፀንን የመቀደድ አደጋ እንደሚያስከትል በዚያ ሰዓት መስማትም አይጠቅማትም። ስለዚህ ይህ ሁሉ በእርግዝና ክትትል ቀጠሮዎች፣ ረጋ ተብሎ ሊነገራት የሚገባ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ፣ ምጧ በራሱ ለጀመረ ጤናማ ሴት ያልተቋረጠ ክትትልን አይመክርም፤ የደም ግፊት ላለባት ወይም ደም ለሚፈሳት ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ለጤናማዋ የሚመከረው አንድም ዶፕለር የተባለው በእጅ የሚያዝ የጽንስ ልብ ማዳመጫ ነው፣ አንድም ፈረንሳዊው ሐኪም አዶልፍ ፒናር እ.ኤ.አ. በ1895 የሠራውና ዛሬም በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች የሚገኘው ጥሩምባ መሰል ማዳመጫ ነው። አዋላጇ ሰፊውን አፍ በሆድ ላይ፣ ጠባቡን በጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ የእናቲቱን የልብ ምት ከጽንሱ ጋር እንዳታምታታ በሌላ እጅዋ የእናቲቱን የእጅ ደም ስር ይዛ፣ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትቆጥራለች፤ ይህንንም በየ15 እስከ 30 ደቂቃው፣ እናቲቱ ማማጥ ስትጀምር ደግሞ በየ5 ደቂቃው ትደግመዋለች። አንዲት አዋላጅ ብዙ ወላዶችን ብቻዋን በምትጠብቅበት ክፍል ግን ይህ ስለማይቻል፣ የማዋለጃ ክፍል በጀት የሚመድቡ ኃላፊዎች መሣሪያ ከመግዛታቸው አስቀድሞ አዋላጆችን መጨመር ይኖርባቸዋል።